የመካከለኛ ጆሮ ዕጢ፦ ጠይቁ፣ የጆሮ ሐኪሙ ይመልሳል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ በአንድ ጆሮዋ «ዱብ ዱብ» የሚል ድምፅ ትሰማለች። ከታምቡሩ ጀርባ ቀይ ነገር ታይቶ ናሙና ይወሰድ ተባለ። እንፍቀድ?

መልስ፦ ቆዩ! ምስል ሳትነሳ ማንም እንዳይነካው። ድምፁ ከልብ ምቷ እኩል ከሄደ መጀመሪያ የምጠረጥረው ግሎመስን ነው። ደም ሥር የበዛበት ዕጢ ነው፤ ከተቆነጠረ ደሙን ማቆም ያስቸግራል። ይባስ ብሎ ዕጢ ላይሆንም ይችላል። ወደ ጭንቅላት ደም የሚወስደው ካሮቲድ ደም ቅዳ ወይም ከጭንቅላት ደም የሚመልሰው የጁጉላር ደም መልስ ያለቦታው ገብቶ እንደዚያ ቀልቶ ወይም ሰማያዊ መስሎ ሊታይ ይችላል። እሱን መቁረጥ ምን እንደሚያስከትል አስቡት።

ከ1 ሚሊ ሜትር በቀጠነ ቁርጥ የሚነሳ የጆሮ አጥንት ሲቲ ይታዘዝላት። እኔ መጀመሪያ የማየው ከጁጉላሩ በላይ ያለችውን ስስ አጥንት ነው። ደህና ከሆነች ዕጢው ብዙውን ጊዜ መካከለኛ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከተበላች ኤምአርአይ ይጨመራል። ያኔ ምርጫው ይሰፋል፦ ደም ሥሮቹን አስቀድሞ ዘግቶ ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ ወይም ዕድሜ ለገፋ ሰው በየጊዜው መከታተል።

ጥያቄ፦ ካንሰር ነው?

መልስ፦ ግሎመስ? አብዛኛው አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮሌስቲያቶማ የሚባለውስ?

መልስ፦ እሱ ዕጢ ሳይሆን ያለቦታው የተጠራቀመ ቆዳ ነው። አጥንት ግን ይበላል። ሌላ ቀን እንመለስበታለን።

አንድ አባል፦ የኔ ድምፅ እኮ በዘይት ጠብታ ጠፋ።

ሌላ አባል፦ የጆሮ ሰም ነበራ! ሰው አታሳስት።

አንድ አባል፦ አንተ ጆሮዬን አይተኸዋል እንዴ?

መልስ፦ ዘይቱን ተዉት። ታምቡር ከተቀደደ ይጎዳል። ድምፅ ጠፋ ማለትም ዕጢ የለም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ጆሮዬን ያመኛል። ዕጢ ይሆን?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። የቱ ጆሮ? ከመቼ ጀምሮ? ፈሳሽ አለው? በመድኃኒት የማይደርቅ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ወይም የፊት መጣመም ካለ ዛሬውኑ ታዩ። የመካከለኛ ጆሮ ካንሰር እንዲህ ሊጀምር ይችላል። እዚያ ናሙና የግድ ነው፤ እሱም ከምስል በኋላ።

ጥያቄ፦ ግሎመስ በዘር ይተላለፋል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። አንዳንዱ አዎ። ኤስዲኤችዲ የሚባለው ጂን ሲበላሽ በሽታው የሚወጣው በአብዛኛው ከአባት ለወረሰ ሰው ነው። ከእናቱ የወረሰ ጂኑን ይሸከማል እንጂ ብዙውን ጊዜ አይታመምም። ስለዚህ በሽታው ትውልድ ሊዘል ይችላል፤ ስለ አያትም ጠይቁ። አንገትም መታየት አለበት፣ ሌላ ዕጢ ሊኖር ይችላልና። የደም ግፊትና የልብ መምታት ካለ ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሆርሞን ምርመራ አይታለፍ። አንዳንዱ ዕጢ አድሬናሊን መሰል ሆርሞን ያመነጫል፤ ሳይታወቅ ማደንዘዣ ከተሰጠ ግፊቱ በድንገት ይወጣል።

ጥያቄ፦ ናሙና ቢወሰድ ቶሎ አይታወቅም?

መልስ፦ ከላይ ያለውን ሳታነቡ ነው የጠየቃችሁት። መጀመሪያ ሲቲ።