«ቲፕሽንም ደምሪው» ለተባለችው እህት

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደመወዜ 2,600 ብር ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 እሠራለሁ፤ ለምሳ አንድ ሰዓት አለኝ። እሑድ አርፋለሁ። ብርጭቆ ሲሰበር ከደመወዜ ይቆረጣል። መንግሥት ትንሹን ደመወዝ 6,000 ብር አደረገ ሲባል ሰምቼ ብጠይቅ አሠሪዬ «ቲፕሽንም ደምሪው እንጂ» አለኝ። የጽሑፍ ውል የለኝም። ብከስስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መራራውን ላስቀድም። 6,000 ብሩ አንቺን አይመለከትም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የተደረገው ማስተካከያ ለመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለግል ድርጅት «ከዚህ በታች አይከፈልም» የሚል ቁጥር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 አነስተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ይናገራል። ቁጥሩን ግን ራሱ አላስቀመጠም። ስለዚህ «2,600 አነሰኝ» ብለሽ ብቻ ብትከሺ ዳኛው ቢያዝንልሽም የሚፈርድበት ሕግ የለውም።

«ደመወዝ በስምምነት ነው» ይባላል። ትናንት ከደምቢያ ወይ ከበለሳ የመጣች፣ የቤት ኪራይ የደረሰባት ልጅ ምኑን ትደራደራለች? ባለሆቴሎቹ ደግሞ «የደመወዝ ወለል (ትንሹ ደመወዝ) ከወጣ ሰው እቀንሳለሁ» ይላሉ። እንግዳ በጠፋበት ወቅት ስጋታቸው ከንቱ ነው አልልም። ክርክሩ ይቆየንና፣ አሁን ያንቺ ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ሰዓትሽ ላይ።

እናስላው። 2,600 ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 100 ብር፣ በሰዓት 12 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ሕጉ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ይላል። አንቺ ምሳሽ ተቀንሶ 10 ሰዓት ትሠሪያለሽ። ሁለቱ ትርፍ ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 18 ብር ከ75 ማለት ነው። በሳምንት 12 ሰዓት፣ 225 ብር። በአራት ሳምንት 900 ብር! የደመወዝሽን ሲሶ ያልፋል። 12 ሰዓት ደግሞ ሕጉ በሳምንት የሚፈቅደው ጣሪያ ነው፤ አንድ ቀን «ትንሽ ቆዪ» ካለሽ ጣሪያው ተጣሰ። ጥምቀት ላይ ከተማው ሞልቶ አንቺ ትሪ ተሸክመሽ ከዋልሽ፣ የበዓል ቀን ሥራ በእጥፍ ነው የሚታሰበው።

ቲፑን በተመለከተ አሠሪሽ ተሳስቷል። አንቀጽ 53 ከደንበኛ የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም አውጥቶታል። ደንበኛ እጅሽ ላይ ያኖረውን እሱ እንደከፈለሽ ሊቆጥረው አይችልም። ብርጭቆውም እንዲሁ በቃል አይቆረጥም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት)፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያንቺ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቢኖርም በወር ከደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም።

ውል አለመጻፉ አያስፈራሽ። የቃል ውል ውል ነው። በ15 ቀን ውስጥ ፈርሞ ጽሑፍ ሊሰጥሽ የሚገባው እሱ ነበር። የሚያስቸግረው ማስረጃው ነው። አንዲት ደንበኛዬ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ትእዛዝ በምትቀበልበት ደብተር ጀርባ በእስክሪብቶ ትጽፍ ነበር። ግማሹ ገጽ ቡና ፈሶበታል፤ ቀኑ ግን ይነበባል። አብረዋት የሚሠሩ ሁለት ምስክር ሲጨመሩበት ጥሩ ነገር ሆነ።

አሁን ቶሎ በይ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም ማለት ነው። ከሁለት ዓመቱ ልትጠይቂ የምትችዪው የመጨረሻውን ስድስት ወር ነው፤ በዘገየሽ ቁጥር ከኋላ አንድ ወር ይወድቃል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አቤት ስላልሽ ማባረር ሕገወጥ ነው። ካደረገው፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄሽን በሦስት ወር ውስጥ አቅርቢ። ደብተሩን ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ስትገቢ ጀምሪው።