ሰመሩን ላቦራቶሪ ልግባ ወይስ ኦቨርታይም ልሥራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመት ሆነን። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ባዮሎጂ እማራለሁ፤ ማታ ማታ ፓርኪንግ ካሸር ነኝ። አስተማሪዬ «አር ኢ ዩ ለሚባለው የሰመር ምርምር አመልክቺ» አሉኝ። አባቴ ግን «ሰመር ኦቨርታይም የሚሠራበት እንጂ በነፃ የሚለፋበት አይደለም» ይላል። ኬሚስትሪ ደግሞ ሲ ነው ያመጣሁት። እኔን ማን ይቀበለኛል?
ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባትሽ ይህን ንገሪያቸው፦ በነፃ አይደለም። አር ኢ ዩ የኮሌጅ ተማሪዎች በሰመር ምርምር የሚለማመዱበት፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ከ1987 ጀምሮ የሚካሄድ ፕሮግራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ 10 ሳምንት ይቆያል። ክፍያው ብዙ ቦታ በሳምንት ከ600 እስከ 700 ዶላር ነው። ብዙዎቹ ማደሪያ ይሰጣሉ፤ የመጓጓዣም ይረዳሉ። እኔ ራሴ ሳመለክት ከእናቴ ጋር አንድ ማታ ማዕድ ቤት ቁጭ ብለን በወረቀት አሰላነው። ኪራዩና ታክሲው ሲቀነስ ከኦቨርታይሙ ጋር ያለው ልዩነት እንደፈራነው አልነበረም። አንቺም ከአባትሽ ጋር አስሊው። ቁጥሩን በዓይናቸው ይዩት።

«እኔን ማን ይቀበለኛል?» ያልሽው ልቤን ነካው። እኔም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እያለሁ አንዲት አማካሪ «ይሄ ለትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነው» አለችኝ። አመንኳት። አንድ ሰመር አመለጠኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የፋውንዴሽኑ መመሪያ የሚለው ተቃራኒውን ነው። ፕሮግራሙን የሚያካሂድ ተቋም ቢያንስ ግማሾቹን ተማሪዎች የምርምር ዕድል ከሚያጥርባቸው ትምህርት ቤቶች መመልመል አለበት። እንደ አንቺ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያሉ የሁለት ዓመት ኮሌጆችም በግልጽ ተጠቅሰዋል። ዜግነት እስክታገኚ መጠበቅ የለብሽም፤ ግሪን ካርድ ይበቃል። በተማሪ ቪዛ ያሉ ግን በዚህ ገንዘብ መግባት አይችሉም።

በኬሚስትሪ ስላመጣሽው ሲ አትሸማቀቂ። «ከዚህ ውጤት በታች አንቀበልም» የሚሉ ቦታዎች አሉ፤ እሱን አስቀድመሽ እዪ። በቀረው ግን ማታ እየሠራሽ እንደምትማሪ በሁለት መስመር ጻፊ፤ ከዚያ እለፊው።

የሚያስመርጥሽ የራስሽ ጽሑፍ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። እኔ የጻፍኩት ስለ እርሾ ነበር። አዲስ አበባ በሦስት ቀን ኩፍ የሚለው የእናቴ ሊጥ የሜሪላንድ ብርድ ሲገባ ለምን አልነሳ እንዳለ፣ ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ማሞቂያው አጠገብ ስታስቀምጠው ለምን እንደተነሳ። ዘጠኝ ቦታ አመለከትኩ። ስምንቱ አልተቀበሉኝም። ዘጠነኛው የእርሾ ዘረመል የሚያጠና ላቦራቶሪ ነበር። የመጀመሪያ ቀን በሩን ስከፍት የድፎ ዳቦ ሊጥ ሸተተኝ። እንባዬ መጣ። የመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ የፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ መምጠጫና መለኪያ ዕቃ) አያያዝ ስለማመድ አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት ያበላሸሁትን ሙከራ ራሴ ለምን እንደተበላሸ አወቅሁ። ሳይንስ ሥራዬ ሊሆን ይችላል ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው።

ማመልከቻው የሚላከው ለእያንዳንዱ ተቋም ለየብቻው ነው። ክፍያ የለውም። ትራንስክሪፕት፣ ጽሑፍሽና አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ አሁን ኦክቶበር ላይ መነሳትሽ ጥሩ ነው። ደብዳቤውን በመጨረሻው ሳምንት አትለምኚ። እኚያ አስተማሪሽ ጋ በቢሮ ሰዓታቸው፣ ተማሪ በሚያነጋግሩበት ሰዓት፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ከክፍል ያልገባሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት ተመለሺ። እኛ ቤት አስተማሪን ማስቸገር ነውር ተብለን ነው ያደግነው፤ እዚህ ግን ካልሄድሽ አያውቁሽም። የማያውቁትን ልጅ ደግሞ ምን ብለው ይጽፉለታል?

ኢትዮጵያ ሆናችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ለላካችሁልኝ፦ አር ኢ ዩ ለእናንተ አይሆንም። ጄኔቫ ያለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን፣ ሳዑዲ ያለው ዩኒቨርሲቲ ካውስት፣ ጃፓን ኦኪናዋ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦይስት ግን ከሌላ አገር የሚመጣ ተማሪም ይቀበላሉ። ሰርን ቢያንስ ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ይፈልጋል።

ሰ.፣ ጽሑፍሽን ስትጨርሺ ላኪልኝ። አነብልሻለሁ።