ጥያቄና መልስ፦ «ደጅ መሳለም ልማድ ሆነብኝ፤ ልተወው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ስሄድ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ ነው የማልፈው። ዓመታት ሆነኝ። አሁን አሁን ግን እጄ ያማትባል እንጂ ልቤ ታክሲ ሰልፉ ላይ ነው። «ይህ ሕዝብ በከንፈሩ ያከብረኛል፤ ልቡ ግን ከእኔ በጣም የራቀ ነው» የሚለው ቃል ያስፈራኛል። በግብዝነት ከምሳለም ብተወው አይሻልም?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንዳትተዪው።

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በተለይ ወጣቶች ልማድና ግብዝነት አንድ ይመስላቸዋል። ልባቸው ያልሞቀበትን ጸሎት እንደ ውሸት ይቆጥሩታል። «ልቤ ሲመለስ እመለሳለሁ» ብለው መሳለሙን ይተዋሉ። ቀጥሎ የማታው ጸሎት ይቀራል። ከዚያ ቅዳሴው። ልብ ግን ብቻውን መንገድ አያገኝም።

ጌታችን ራሱ ልማድ ነበረው እኮ! ወንጌላዊው ሉቃስ «እንደ ልማዱም በሰንበት ቀን ወደ ምኵራብ ገባ» ይለናል (4፥16)። በዚያች በመጨረሻዋ ሌሊትም ወደ ደብረ ዘይት የወጣው «እንደ ልማዱ» ነው (22፥39)። ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ የወረደበትን ጸሎት የጸለየው ዘወትር በሚሄድበት ቦታ ነው። እኛም መከራ ሲመጣ እግራችን የሚያውቀው ደጅ ያስፈልገናል።

ያስፈራሽን ቃል ደግሞ ማቴዎስ 15 ላይ ከፍ ብለሽ ጀምሪና አንብቢው። ጌታ የገሠጻቸው ሐሳባቸው የተበተነባቸውን ሰዎች አይደለም። ለአባት ለእናታቸው የሚገባውን «መባ ነው» እያሉ የከለከሉትን ነው። አንቺ ልቤ ራቀ ብለሽ ተጨንቀሻል። የራቀ ልብ አይጨነቅም።

እንዳለ ይቀጥል ግን አልልሽም። ብዙዎቻችን ስናማትብ ዝንብ የምናባርር ነው የምንመስለው። እጅሽ ከግንባርሽ ወደ ታች ሲወርድ አምላክ ከሰማይ ወደ ምድር መውረዱን እየመሰከርሽ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ሲሻገር ከጨለማ ወደ ብርሃን መሻገርሽን። ይህ እየተራመዱ የሚደረግ ነገር አይደለም።

በማገለግልበት ደብር ደጃፍ በየጠዋቱ የማያቸው አንዲት እናት አሉ። ዘንቢላቸውን መሬት ያስቀምጣሉ። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ግንባራቸውን ከበሩ መቃን ላይ አሳርፈው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንድ ቀን ምን እንደሚሉ ጠየቅኋቸው። «የልጆቼን ስም ነው የምጠራው፤ አምስቱንም። ሌላ ጸሎት አላውቅም ልጄ» አሉኝ። እኔ ስንት ዓመት ሳስተምር ያን ያህል ቆሜ አልተሳለምኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ስም ሳልጠራ አልገባም።

ነገ ጠዋት ቦርሳሽን ከትከሻሽ አውርጂ። ቀስ ብለሽ አማትቢ። የአንድ ሰው ስም ጥሪ፤ ከቤት ይሁን ከሥራ ቦታ፣ ያስቀየመሽም ቢሆን። ከዚያ ወደ ሰልፍሽ ሂጂ። አንዱ ታክሲ ቢያመልጥሽ ሌላው ይመጣል። ልብሽ ምንም ሳይሰማው ከቀረም፣ በማግሥቱ እዚያው ደጅ ላይ ሌላ ስም ይዘሽ ቁሚ።