ትል መግደሉ አይደለም ከባዱ

ውድ ልጆቼ፣

ከዕፅዋት መዓዛማ ዘይት ለትል የሚሆን መድኃኒት የምትፈልጉ ወጣቶች በየጊዜው ትጽፉልኛላችሁ። አብዛኛው ደብዳቤ የሚጀምረው በአንድ ዜና ነው፦ ዘይቱ ትሎቹን በሙሉ ገደለ። እሰየው! ግን የላብራቶሪ ሳህን ውስጥ ያለ ትል ማምለጫ የለውም። በዛ አድርጋችሁ ከጨመራችሁበት ሳሙናም ይገድለዋል። ከባዱ ዘይቱ ሰውየውን ሳይጎዳ፣ ትሉ ያለበት ቦታ፣ በሚበቃ መጠን መድረሱ ነው።

ኬኖፖዲየም ከሚባለው ዕፅ የሚወጣውን ዘይት ታሪክ አጥኑ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለወስፋትና ለመንጠቆ ትል በሰፊው ይሰጥ ነበር። ደግሞም ይሠራል። ኃይሉ አስካሪዶል ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው የሚመጣው። ችግሩ ትሉን የሚያስወጣው መጠን ሰውን ከሚመርዘው መጠን ብዙም አይርቅም። ከትል ሊገላገሉ ዘይቱን የወሰዱ ሰዎች፣ በተለይ ሕፃናት፣ ሕይወታቸውን አጥተዋል። «ከተፈጥሮ የመጣ ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚላችሁ ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩት። እናንተ ራሳችሁም የሙከራ ዘይት ለማንም እንዳታጠጡ፤ ለምኖ ቢያስቸግራችሁም።

አሁን ወደ ላብራቶሪው እንምጣ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ።

መዓዛማ ዘይት ይተናል። 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው የሙከራ ሳህን (ፕሌት) ስትሠሩ ከአንዱ ጉድጓድ የተነሳው ትነት ወደ ጎረቤቱ ይገባል። ምንም ያልተጨመረበት ትል ከጠንካራው መጠን አጠገብ ስለተቀመጠ ብቻ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማነጻጸሪያውን ለብቻው ፕሌት ላይ አድርጉት፣ በደንብም ሸፍኑት። ዘይትና ውኃ ደግሞ አይስማሙም። ዘይቱን ከውኃ ጋር ለማዋሃድ እንደ ዲኤምኤስኦ ወይም ትዊን 80 ያለ ማሟሚያ መጠቀማችሁ አይቀርም፤ እንግዲያው ማሟሚያው ብቻውን የገባበት ረድፍም ይኑራችሁ። የታወቀ የትል መድኃኒት የገባበት ረድፍ፣ ለምሳሌ ሌቫሚሶል፣ እንዳይቀር።

መንቀሳቀስ ያቆመ ትል ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። ከዘይቱ አውጡት፣ እጠቡት፣ ንጹሕ ፈሳሽ ውስጥ አሳድሩትና በማግስቱ በማይክሮስኮፕ እዩት። በቀጭን መርፌ ነካ ስታደርጉት ጥቅልል የሚል አይጠፋም። ያ ትል በሕይወት አለ፤ «ሞተ» ብላችሁ እንዳትመዘግቡት።

የዘይቱን ይዘት፣ ንጥረ ነገሮቹን ለያይቶ በሚለካው በጋዝ ክሮማቶግራፊ አስለኩ። አንዱ የጦስኝ ዓይነት ቲሞል የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፣ ሌላው ካርቫክሮል፣ ሌላው ሊናሎል። የዕፁን ስም ብቻ ከጻፋችሁ የሚቀጥለው ሰው ሥራችሁን መድገም አይችልም።

የትሉን አድራሻም አትርሱ። እነዚህ ትንንሽ ሞለኪውሎች ሲዋጡ አብዛኞቹ በላይኛው አንጀት በኩል ወደ ደም ይገባሉ። ጅራፍ መሰሉ ትል፣ ትሪኩሪስ፣ ግን ታች ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው። ሳህን ላይ ድንቅ የሆነ ዘይት እሱ ጋ ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። ዘይቱን ታች ድረስ ይዞ የሚወርድ ሽፋን መሥራት፣ በእኔ እምነት፣ መቶ አዲስ ዘይት ከመፈተሽ ይሻላል።

ይህን ሁሉ የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ከአፈር የሚተላለፉ የአንጀት ትሎች ወደ 1.5 ቢሊዮን ሰው ይዘዋል። 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒት አንዴ ተውጦ ወስፋትን ጥሩ አድርጎ ያጸዳል፣ ትሪኩሪስን ግን ብዙ ጊዜ አይችለውም። በጎችን የሚያጠቃው ሄሞንከስ የሚባል ትል ደግሞ በብዙ አገር መድኃኒቶቹን ተላምዷቸዋል። አዲስ መድኃኒት የግድ ያስፈልጋል፣ ከእናንተ ዘይቶች አንዱም መነሻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ትሉን በፈተናችሁበት ሳምንት ያንኑ ዘይት በሰው ሴሎች ላይም ፈትኑት። በሚቀጥለው ስትጽፉልኝ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ላኩልኝ፦ ግማሹን ትል የገደለው መጠንና ግማሹን ሴል የገደለው መጠን።