ጣቢያና ጣቢያ ሲነጻጸሩ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች እያሏት፣ ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ 114 ጣቢያዎች ብቻ ያሉትን፣ የአየር ንብረትን የረጅም ጊዜ ለውጥ የሚከታተል የአየር ንብረት ማጣቀሻ መረብ መትከል ለምን አስፈለጋት?

መልስ፦ ሥራቸው ስለማይገናኝ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያ ለአብራሪው ነው የተተከለው፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ደመናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይነግረዋል። አጠገቡ አስፋልት ቢነጠፍ አብራሪው ምን ቸገረው? ከ30 ዓመት በኋላ መዝገቡን ለሚያገላብጥ ተመራማሪ ግን መዘዝ ነው።

ጥያቄ፦ 114ቱ ታዲያ በምን ይሻላሉ?

መልስ፦ ከግንባታ ርቀው ተተክለዋል፤ በእያንዳንዳቸውም ሦስት ቴርሞሜትሮች አሉ። አንዱ ቢዋሽ ሁለቱ ያጋልጡታል። ሁለት ብቻ ቢሆኑ ዋሾው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ በየአካባቢው ሙቀትና ዝናብ ሲመዘግቡ የኖሩት የበጎ ፈቃደኞች የድሮ መዝገብ እንግዲህ አይረባም?

መልስ፦ ኧረ ይረባል! የበጎ ፈቃደኞቹ መረብ የተቋቋመው በ1890 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ያህል ወደኋላ የሚወስደን አዲስ መሣሪያ የለም። ስሕተቱም ቢሆን የሚታወቅ ስሕተት ነው። ለምሳሌ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ታዛቢው የዕለቱን ከፍተኛ ሙቀት 35 ዲግሪ ብሎ መዘገበና መለኪያውን እንደገና አስጀመረው እንበል። አየሩ ገና 34 ስለሆነ መለኪያው አዲሱን ቀን ከ34 ይጀምራል። ማክሰኞ ደመና ውሎ ሙቀቱ ከ26 ባያልፍም፣ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው 34 ነው። አንዱ ሞቃት ቀን ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። በኋላ ብዙዎቹ ታዛቢዎች ንባቡን ወደ ጠዋት ሲያዞሩት ደግሞ፣ አየሩ ሳይቀዘቅዝ መዝገቡ ቀዘቀዘ።

ጥያቄ፦ ያንን ማስተካከል ቁጥር መጠምዘዝ አይሆንም?

መልስ፦ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በልኬት ተገኝቷል። የድሮዎቹ ጣቢያዎች የተስተካከለ አሃዝና ማስተካከያ የማይነካው የ114ቱ አሃዝ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአገር ደረጃ ሲነጻጸሩ እጅግ ተቀራርበው ይጓዛሉ። እርግጥ ይህ ከ2005 በፊት ስላለው በቀጥታ አይመሰክርም፤ ዘዴው እንደሚሠራ ግን ያሳያል።

ጥያቄ፦ የተራራና የሸለቆ ጣቢያ እንዴት ይነጻጸራሉ?

መልስ፦ ዲግሪያቸውን አታወዳድሩ። እያንዳንዱ ከራሱ የረጅም ጊዜ አማካይ ምን ያህል እንደራቀ አስሉና ልዩነቱን አወዳድሩ።

ጥያቄ፦ ዝናብስ?

መልስ፦ ዝናብ ከሙቀት የባሰ አስቸጋሪ ነው፤ በረዶ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ነፋሱ ብናኙን ከመለኪያው አፍ ላይ ጠርጎ ይወስደዋል። ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት መለኪያው የነፋስ መከለያ እንዳለው ጠይቁ።