እርጥብ ስንዴ አይጠብቅም

እህታችን «መብራት፣ ኢንተርኔት ወይም መንገድ ድንገት ሲቋረጥ ሥራችን እንዳይቆም ዕቅድ ልናወጣ ነው፤ ልምድ ያላችሁ ከምን ጀመራችሁ?» ብለው ለጠየቁት፦

እኔ እዚሁ አዳማ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ አስተዳደር ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያው ዕቅዳችን 34 ገጽ ነበር። እሳት፣ ጎርፍ፣ ስርቆት፣ ወረርሽኝ እያለ በየተራ የሚዘረዝር፣ ማኅተም ያረፈበት ያማረ ሰነድ። ከመደርደሪያ የሚወርደው ኦዲተር ሲመጣ ብቻ ነበር።

ዓይናችንን የገለጠልን ስንዴ ነው። ስንዴ ከመፈጨቱ በፊት ፉርሽካው ሳይሰባበር እንዲላቀቅ ውሃ ይነካውና አንድ ቀን ያህል ያርፋል። አንድ ቅዳሜ ማታ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት እስከ ሰኞ ከሰዓት ጠፋ። ወፍጮው ቆመ፤ ይቁም፣ ብረት አይሻግትም። እርጥቡ ስንዴ ግን እሑድ ማታ እጄን ስከትበት ሞቋል። ሰኞ ጠዋት የጠላ ጥንስስ ሸተተ፤ ከፊሉን ለከብት መኖ ሸጥነው። «ጄኔሬተር አልነበራችሁም?» ትሉኝ ይሆናል። ነበረን። የናፍጣው ክፍል ቁልፍ ግን የንብረት ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለቅሶ ሊደርስ አርሲ ገጠር ወርዶ ስልኩ አይሠራም። ቁልፉን ሰብረን ስንገባ በርሜሉ ውስጥ የነበረው ናፍጣ ከሩብ አይበልጥም።

ከዚያ ወዲህ «ምን አደጋ ይመጣብን ይሆን?» ማለቱን ትተን በየክፍሉ እየዞርን «ይህ ሥራ ቢቆም ስንት ሰዓት ይታገሣል?» ብለን ጠየቅን። እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ በ2019 የተሻሻለው አይኤስኦ 22301 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃም ይህንኑ አስቀድማችሁ እወቁ እንደሚል በኋላ ነው የተረዳሁት። መልሱ አንድ ገጽ አልሞላም። እርጥብ ስንዴ አንድ ቀን፤ የዳቦ ቤቶች ዱቄት ሁለት ቀን፤ ደመወዝ አንድ ሳምንት፤ የሩብ ዓመት ሪፖርት ቢዘገይ የሚሞት የለም።

ገንዘቡም ይህን ተከትሎ ወጣ። ሥራ አስኪያጃችን ፋብሪካውን በሙሉ የሚያንቀሳቅስ ጄኔሬተር ሊገዙ ነበር፤ በናፍጣ መፍጨት ግን በእኛ ሒሳብ አያዋጣም። የነበረንን አነስተኛ ጄኔሬተር እርጥቡን ስንዴ ከማጠራቀሚያ ወደ ማጠራቀሚያ እያዘዋወረ ከሚያናፍሰው ማሽን ጋር አገናኘነው። ለቋሚ ደንበኞች የሁለት ቀን ዱቄት ተፈጭቶ ይቀመጣል።

ስለ ኢንተርኔት እናንተም ታስታውሳላችሁ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋረጠ። የእኛ ትእዛዝ በሙሉ የሚመጣው በቴሌግራም ነበር። የዳቦ ቤቶቹ መደበኛ ስልክ ቁጥር እንኳ በወረቀት አልነበረንም፤ ሾፌሮቹ ናቸው በር በበር እየዞሩ ያመጡልን። አሁን የዱቤ መዝገቡና የስልክ ዝርዝሩ በየቅዳሜው ታትሞ አንድ ቅጂ ገንዘብ ያዧ ቤት ያድራል። የኮምፒውተሩ መረጃም ከፋብሪካው ውጭ በሌላ ዲስክ ላይ አለ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ አሥር ቅጂ ቢኖር እሳት አንድ አድርጎ ነው የሚቆጥረው።

የመድን ውላችሁንም አንብቡት። ተራው የእሳት መድን የሚክሰው ሕንፃውንና ንብረቱን ነው፤ ሥራ ፈትታችሁ ያጣችሁትን ትርፍ ካልተጨመረበት አይነካውም። እኛ ይህን ያወቅነው ውሉን በፈረምን በአራተኛው ዓመት ነው፤ ደግነቱ ሳይቃጠል።

በታኅሣሥ 2017 በአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገምና ንዝረቱ እዚህ ድረስ ሲሰማ፣ ሃያ ከረጢት ከፍታ የነበረውን የዱቄት ክምር ወደ አሥር አወረድነው፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞችም የሚሰባሰቡበት ቦታ በግቢው ውስጥ ተመለከተላቸው። ሥራው የአንድ ቀን ጉልበት እንጂ አንድ ብር አልጠየቀም።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ልምምዱ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀኑን ከእኔና ከሥራ አስኪያጁ በቀር ማንም ሳያውቅ፣ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ እናጠፋዋለን። በመጀመሪያው ቀን የፈረቃ ኃላፊው ወረቀቱን አንሥቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያውን ቁጥር ደወለ። ያነሡት አንዲት እናት «ልጄ፣ እሱ ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ድሬዳዋ ነው ያለው» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወረቀቱ ላይ በእያንዳንዱ ሥራ ፊት ሁለት ስም አለ፤ የናፍጣው ክፍል ሁለተኛ ቁልፍም በታሸገ ፖስታ በጥበቃ ቤቱ ተሰቅሏል። በርሜሉን ዓርብ ዓርብ በእንጨት የምለካው እኔ ነኝ።