ቁልፉን ከመቀየርሽ በፊት ሜትር ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፒያሳ አካባቢ ከወንድሞችሽ ጋር ጂ+3 እያሠራችሁ ነው። ተቋራጩ የአንደኛ ፎቅ ስላብ (የኮንክሪት ወለሉ) ላይ አቁሞ ሁለት ወር ጠፋ። አሁን ደውሎ «ዶላር ስለጨመረ 40 በመቶ ጨምሩልኝ» አለ። ወንድሞችሽ ደግሞ ሰኞ የግቢውን ቁልፍ ቀይረን ሌላ ተቋራጭ እናስገባ ይላሉ። ልክ ናቸው ወይ ነው ያልሽው።

ልክ አይደሉም። እባክሽ አስቁሚያቸው። እኔ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጂ+4 ሳሠራ ልክ እንደነሱ ቁልፍ ቀይሬ በመጨረሻ 1 ሚሊዮን 870 ሺህ ብር ከፍያለሁ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የፈጀ ክርክር ነው። ስለዚህ ከኔ ተማሪ።

1ኛ. መጀመሪያ በጽሑፍ አስጠንቅቂው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1772 «ውሉ አልተፈጸመልኝም» የሚል ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት ይላል። በ1774 መሠረት ማስጠንቀቂያው ላይ ቀን መቁረጥ ትችያለሽ። ውልሽ ራሱ የቀን ገደብ ካስቀመጠ እሱን ተከተዪ። «በስልክ ነግረነዋል፣ በሽማግሌ አስነግረናል» የሚለውን እርሺው። እኔ ተቋራጩ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጸሐፊዋ «ኢንጂነሩ ሳይፈቅድ ተቀበልኩ ብዬ አልፈርምም» አለችኝ። ተናድጄ ደብዳቤውን ጠረጴዛዋ ላይ ጥዬ ወጣሁ። በኋላ ዳኞቹ ፊት «አልደረሰንም» አሉ። እኔም የማሳየው ነገር አልነበረኝም። አንቺ አልቀበልም ካሉሽ ዋናው ፖስታ ቤት ሂጂ፣ ውሉ ላይ ባለው አድራሻ በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚሄድ ደብዳቤ) ላኪ፣ ደረሰኙን እንደ ወርቅ አስቀምጪ።

2ኛ. የዶላሩ ነገር። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ፌሮውም አልሙኒየሙም እንዴት እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ሰውየው ውሸታም ነው አልልሽም። ግን አንቀጽ 1794፣ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመርን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አድርጎ አይቆጥረውም። ስለዚህ ውልሽን ገልብጪና የዋጋ ማስተካከያ የሚል አንቀጽ እንዳለው እዪ። ካለው በዚያው ቀመር ይሰላል። ከሌለው የምትጨምሪው ተስማምተሽ ብቻ ነው፤ በስልክ 40 በመቶ ስለተባለ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ራሳችሁን ጠይቁ። አማካሪው (ሥራውን የሚቆጣጠርላችሁ መሐንዲስ) የፈረመውን የክፍያ ሰርተፍኬት፣ ማለትም «ይህን ያህል ሠርቷል፣ ይከፈለው» የሚለውን ወረቀት፣ ሳትከፍሉ ስንት ቀን አሳደራችሁት? እኔ አንዱን 70 ቀን አሳድሬዋለሁ። ባለቤቴ ታማ ገንዘቡ ወደ ሕክምና ሄዶ ነበር። ዳኞቹ አዘኑልኝ፣ ግን 70ውን ቀን በሙሉ በኔ ላይ ቆጠሩት።

3ኛ. ሜትር። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

የመሃል ከተማን መሬት ታውቂዋለሽ፣ ስንት ትውልድ የኖረበት ነው። የፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) ቁፋሮ ላይ ሦስተኛው ጉድጓድ ጋ ስንደርስ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚሸት አፈር ወጣ። የድሮ ሽንት ቤት ነበር። የጠርሙስ ስባሪ፣ የዛገ ጣሳ፣ የአንድ እግር የሕፃን ጫማ ሳይቀር ወጥቷል። ፕላኑ ላይ ጥልቀቱ 2 ሜትር ከ50 ነው። አማካሪው መጣና አፈሩን በጫማው ረገጥ ረገጥ አድርጎ «ጠንካራው እስኪገኝ ውረዱ፣ ከዚያ በሳይክሎፒያን (ትልልቅ ድንጋይ በገባበት ኮንክሪት) ሙሉት» አለ። በቃሉ ብቻ። እኔም እዚያው ቆሜ እሺ አልኩ። ተቋራጩ «ጋሼ፣ አያስቡ፣ በኋላ እንተሳሰባለን» አለኝ።

በኛ መንገድ ከባድ መኪና ቀን አይገባም ነበር። ድንጋዩም አሸዋውም የሚመጣው ማታ ነው፣ ሙሌቱም ማታ ተሠራ። ጠዋት ስመጣ ላዩ ላይ ኤልሲ (ከፉቲንጉ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) ፈሶበታል። ማን ለካ? ማንም። የሳይት ደብተሩ ላይ የዚያን ቀን የተጻፈው «ቁፋሮ ቀጥሏል፣ 14 ሠራተኛ» ብቻ ነው።

ወደ ታች የወረዱት አራት ጉድጓዶች እንደነበሩ እምላለሁ፣ እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ከ60። ተቋራጩን ካባረርኩት በኋላ ያመጣብኝ ክስ ግን 11 ጉድጓድ ይላል። አስዪው። 2.40 በ2.40 በ1.60 ሲባዛ 9.2 ሜትር ኩብ ነው። አራቱ 37 ይሆናሉ፣ አሥራ አንዱ 101። ልዩነቱ 64 ሜትር ኩብ ነው፣ እሱም ከመሬት በታች፣ ሁለት ፎቅ ተጭኖበት። ለክርክሩ እንዲለካ የተመደበው ባለሙያ ግቢውን ዞሮ ዞሮ «የተቀበረ አይለካም» አለኝ። ተቋራጩ ግን ቴክ-ኦፍ ሺት (የሥራው ልክ የሚሰላበት ወረቀት) አዘጋጅቶ ለአማካሪው አስገብቶ ነበር። አማካሪው መልስ አልሰጠበትም። እኔ ወረቀቱ መኖሩንም አላውቅም። ዝምታው በኔ ላይ ተቆጠረ። ከዚያ ደግሞ «ቁልፉን ቀይረህ አብሮ የመለካት ዕድሉን የዘጋኸው አንተ ነህ» ተባልኩ። ግቢ ውስጥ የተቆለፈበትን የፎርምዎርክ (የኮንክሪት ማፍሰሻ ቅርጽ) እንጨት የአምስት ወር ኪራይም ጨመሩብኝ።

ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ላይ አብራችሁ የምትለኩበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ ግልባጩን ለአማካሪው ስጪ። ተቋራጩ ከመጣ እያንዳንዷን ገጽ አስፈርሚው። ካልመጣ አማካሪው ባለበት ፈቃድ ያለው ሌላ ገለልተኛ መሐንዲስ አምጪና ለኩ። ኮለን፣ ቢም፣ ስላብ፣ ግቢ ውስጥ የተከመረው ፌሮ በዲያሜትር በዲያሜትር፣ ብሎኬቱ፣ እንጨቱ፣ ሁሉም ይቆጠር። ፎቶ ስታነሺ የሜትሩ ቁጥር ይታይ። ይሄ ለሌላም ነገር ይጠቅምሻል። በአንቀጽ 3039 ተቋራጭ ለሠራው ሥራ 10 ዓመት ዋስ ነው። አዲስ የምታስገቢው ሰው ነገ ስንጥቅ ሲወጣ «ስትራክቸሩ የኔ አይደለም» ይልሻል። ማን እስከ የት እንደሠራ የሚለየው ያ ወረቀት ነው።

ረስቼው፦ የቅድመ ክፍያ ዋስትናሽ፣ ማለትም ለተቋራጩ አስቀድመሽ የሰጠሽው ገንዘብ ካልተመለሰ የሚከፍልሽ ወረቀት፣ መቼ እንደሚያበቃ ዛሬውኑ እዪ። የኔ እሑድ ያበቃ ነበር። ገና 640 ሺህ ብር ያልተመለሰ ቅድመ ክፍያ አለኝ። ዓርብ 9 ሰዓት ዋስትናውን የሰጠው ድርጅት ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «የአማካሪው ማህተም የለውም፣ ሰኞ ይምጡ» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ተኩል በሩ ላይ ነበርኩ። «ጊዜው አልፏል አባባ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። ያንን ቀን አልረሳውም። አንቺ ቢያንስ አንድ ወር ሲቀረው ወይ ያራዝም ወይ ይክፈል ብለሽ በደብዳቤ ጠይቂ።

ሌሎቹ «ልደታ ፍርድ ቤት ሂጂና ክሰሺ» ያሉሽን ቸኩለሽ አትስሚ። ውሉ ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ መንገዱ ሌላ ነው፣ ለዳኞቹም የምትከፍሉት እናንተው ተከራካሪዎቹ ናችሁ። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ደግሞ በውል ካልተስማማችሁበት በቀር ከዚያ ውሳኔ ይግባኝ የለም።

ፊኒሺንጉን በሌላ ተቋራጭ ነው የጨረስኩት። ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ገዛሁ። በየቅዳሜው ከሱ ፎርማን ጋር ሳይቱን ዞረን የተሠራውን ለክተን ሁለታችንም እንፈርማለን። 31 ቅዳሜ አንድም አላመለጠኝም፣ የፋሲካ ዋዜማ እንኳን ሄጃለሁ። በመጨረሻው ክፍያ ላይ «የ212 ካሬ ልስን ክፍያ ይቀረኛል» አለኝ። ደብተሩን ከፈትን። ሻያችንን ሳንጨርስ ተስማማን። ዛሬም በበዓል ይደውልልኛል።

ሰኞ ደብዳቤውን ላኪ። የምትለኩበትን ቀን ቅዳሜ ካደረግሽው ንገሪኝ፣ ለኔ ፒያሳ ቅርብ ነው። መጥቼ የሜትሩን ጫፍ እይዝልሻለሁ።